ሴቶች የተሸከሙት ቃሬዛ

በልጅነቴ ከስሜ ይልቅ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «አትችልም» የሚለው ነው። ውሃ ሊቀዳ ሲኬድ፣ «እሷ አትችልም፤ ደረቷ ነው»። እንጨት ሊለቀም ሲኬድ፣ «ተዋት፣ አትችልም»። ውሸት አልነበረም። ብርድ ሲነካኝ፣ አቧራ ሲበዛ፣ ማሽላ ሲወቃ ትንፋሼ እያፏጨ ይቆራረጣል። ገና ጡት ሳልጥል አንድ ጊዜ ሞታለች ተብዬ ተሸፍኜ ነበር አሉ። እንደገና ስተነፍስ ያዩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ከግድግዳ ዳር አስቀመጡኝ፤ እዚያው አደግሁ። የመንደሩ ልጆች «እንቁላል» ይሉኝ ነበር።

የኔን እንስራ የተሸከመችው እህቴ ናት። ታላቄ ናት። ምንጭ ወርዳ የራሷን ድርሻ ታመጣና ገልብጣ፣ የኔን ልትቀዳ ትመለሳለች። አንድም ቀን ስታጉረመርም አልሰማኋትም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እውነት አይሆንም። ታጉረመርም ነበር። «የውሃ ተራሽ የሚደርሰው በቂያማ ቀን ነው መሰለኝ!» ትልና ትስቃለች፤ ከዚያ ትሄዳለች።

መንደራችን ከጨፋ ሸለቆ ማዶ፣ ከሚሴን ፊት ለፊት ከሚያይ ተረተር ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የከተማው ቆርቆሮ ከደጃችን ያብለጨልጫል። ቅርብ ይመስላል። በመሐሉ ግን የማሽላው ማሳ፣ ረግረጉና ቦርከና አሉ። ትምህርት ቤቱ እዚያ ማዶ ስለሆነ ለኔ እንዳልተሠራ ተቆጠረ። ፊደል የቆጠርሁት ትምህርቱ ራሱ ተነስቶ ወደ መንደራችን ሲመጣ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረ ጊዜ፣ ከገበሬ ማኅበሩ ዳስ ሥር፣ እኩዮቼ ሁሉ ተድረው ካለቁ በኋላ። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ አነብብ ነበር፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከግንድ ላይ የተለጠፈ መፈክር። ሌላ የምችለው ነገር አልነበረም፤ እንዲያ ብዬም አምኜ ነበር።

አሁን ስለ ቃሬዛው።

በኛ አገር ለሞትም ለበሽታም የሚደርሰው ቅሬ ነው። የመንደሩ አባወራ ሁሉ የቅሬው አባል ነው፤ ሰው ሲታመም ቃሬዛ አስረው ከሚሴ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱት የቅሬው ወንዶች ናቸው። ከዚያ በተጨማሪ የመንገዱ ወግ አለ። ቃሬዛ ያየ ወንድ፣ እርሻ ላይ ይሁን ገበያ መንገድ ላይ፣ የያዘውን ጥሎ ሄዶ ከደከመው ሰው ትከሻ ላይ እንጨቱን ይቀበላል። በሽተኛው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ከተሸከመ በኋላ ነው። «ማን ናት?» ይላል። ይነገረዋል። «አፉ ይበላት» ይላል፤ ይማራት ማለቱ ነው፤ የሚቀይረው እስኪያገኝ ይጓዛል። ቃሬዛ ደግሞ አንዴ ከተነሳ እስኪደርስ መሬት አይነካም። መሬት የነካ ቃሬዛ መሬት ይለምዳል ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ሴት ከኋላ ትከተላለች እንጂ ከእንጨቱ ሥር አትገባም። «ቃሬዛህን ሴት ይሸከመው» ማለት እርግማን ነበር፤ ወንድ የሚባል ይለቅብህ እንደ ማለት።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ወንዶቹ ቀን ቀን ከቤት ጠፉ። ማሽላው ቁመቱ ሰው ሲያህል ማሳው ውስጥ ገብተው ይውላሉ፤ እራታቸውን ሊበሉ ሲመሽ ብቅ ይላሉ። ከቦርከና ማዶ የቆመው ኬላ ታጣቂዎች ማሳውን ቢያስሱት ቢያስሱት አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ብልሃት አገኙ። ብልሃቱን ያመጣው የኛው አገር ሰው መሆን አለበት፤ ባዕድ አያስበውም። አንድ የሮቢት ገበያ የዋለ ቀን አራት ሰዎች ጋቢ የለበሰ ቃሬዛ ይዘው በማሽላው ዳር መጡ። «የወንድ ያለህ! ደከመን!» ይላሉ። ወንዶቹ ከማሽላው ወጡ፤ እንዴት አይወጡ። እንጨቱን ሊቀበሉ ትከሻቸውን ሲሰጡ ጋቢው ተገለጠ፤ ከሥሩ የተኛው ጠመንጃ ነበር።

በመጀመሪያ የወጣው የእህቴ ባል ነው አሉ። እህቴ ያኔ ሆዷ ገፍቷል።

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሷ እንደ በርበሬ የሚፋጅ ሴት ነበረች። በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ስትናደድ ደግሞ ከኦሮምኛ ትጀምራለች። ልጇ የተወሰደ ለት አላለቀሰችም። ማሳውን እየዞረች፣ ማሽላውን እያነጋገረች፣ «ስሙ! ከእንግዲህ ቃሬዛ ብታዩ አትውጡ! የናታችሁም ቢሆን አትውጡ!» ስትል ዋለች። ወንዶቹ ሰሟት።

ኅዳር ውስጥ፣ ማሽላው ጎምርቶ ገና ሳይታጨድ፣ እህቴ ሌሊቱን አምጣ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ወለደች። እልል ተባለ። እንግዴ ልጁ ግን አልወርድ አለ። አዋላጇ ሆዷን አሸች፤ ጠርሙስ ውስጥ እፍ በይ አለቻት፤ ዱበርቲ የምንላቸው አሮጊቶች ተሰብስበው ዱዓ ያዙ። ደሙ አይቆምም። ከሥሯ የምናወጣውን ጨርቅ እኔ ነበርሁ ተቀብዬ የማወጣው፤ ቀላል ሥራ ነው ተብሎ። ፀሐይ ደጁን ሳይነካ ጨርቅ አለቀብን።

አማቷ ተነሳች። «ዱዓው መንገድ ላይም ይደረጋል። ቃሬዛ ይታሰር።»

ከቅሬው የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ፣ ወገቡ ገና ያልጎበጠው፣ ሁለት አጠናዎች አምጥቶ በመጫኛ አሰራቸው። «አሰርሁት፤ ማን ሊሸከመው?» አለ።

«አንተ በራስጌ። የቀረውን ሴቶቹ።»

«ሴት? ሱብሃነላህ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የታለ? ሰው ማሽላ ውስጥ ነው!»

አማቷ ጨቅላዋን በጀርባዋ አዘለች፤ እህቴ «እሷም ትምጣ» ብላ ነበር። ሦስት ጎረቤት ሴቶችና ሽማግሌው ቃሬዛውን አነሱ፤ ሁለት ሴቶች ለቅያሪ ተከተሉ። እኔን አማቷ አየችኝ። «አንቺ የውሃውን ቅል ያዢ» አለችኝ።

አማቷ ከፊት መንገድ እየመራች ስለምትሄድ እህቴን አታያትም። ስለዚህ በየጥቂቱ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ጅርቲ?» ትላለች፤ በኦሮምኛ አለች ወይ ማለቷ ነው። በራስጌ ያለው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ያይና «ጅርቲ» ይላል። አለች። ቁልቁለቱን እንዲያ እየተባባልን ወረድን።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ሽማግሌው አቃሰተ። «ያዙኝ» አለ፤ ትንፋሽ አጥሮት ጉልበቱ ሲታጠፍ አየሁ። ቃሬዛው ወደኔ አዘመመ፤ የእህቴ ራስ ተንሸራተተ።

«መሬት እንዳይነካ!» አማቷ ጮኸች።

ቅያሪ ሴቶቹ ኋላ ናቸው። ከሱ አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ። አሰብሁ ብል ውሸት ነው። ቅሉን ጣልሁና ከእንጨቱ ሥር ገባሁ።

እንዲህ ያለ ክብደት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አጥንቴ ላይ ነው ያረፈው፤ ሥጋ በትከሻዬ ላይ እንዳለ እንኳ እንጃ። ከሌሎቹ አጭር ስለሆንሁ ሸክሙ ወደኔ ይንሸራተታል፤ እንዳይንሸራተት በእግሬ ጣት ቆምሁ።

«እንቁላል! ኧረ ውጪ፣ ትሰበሪያለሽ!» አለች ከጎኔ ያለችው ጎረቤት።

አማቷ ዞር ብላ አየችን። «ተይያት። ተጓዙ።» ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ቀረ።

የመጀመሪያው እርምጃ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ሌሎቹ እግራቸውን ሲያነሱ አብሮ ማንሳት ነው። ቃሬዛ ለብቻ አይሄድም፤ አንዱ ከዘገየ በሽተኛው ይናጣል። ከጎኔ ያለችው ጎረቤት «ግራ፣ ግራ» እያለች አስተማረችኝ፤ ነጠላዬን ጠቅልላ ከትከሻዬና ከእንጨቱ መሐል ወተፈችልኝ። ትንፋሼ ማፏጨት ጀመረ። ሁሉም ይሰሙታል።

ከማሽላው ዳር ስንደርስ አማቷ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። «የወንድ ያለህ! በአላህ፣ ይቺ እውነተኛ ናት! የኔ ምራት ናት!»

ዝም።

«እኔ ነኝ! ድምፄን አታውቁም?»

አንድም አገዳ አልተነቃነቀ። ነፋስ እንኳ አልነበረም። እሷም ጨቅላዋን ከጀርባዋ አዙራ፣ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ልጅቷ ጮኸች። «ስሙ! ይኼን ታጣቂ ያለቅሰዋል?»

ከማሳው ውስጥ፣ ሩቅ ያልሆነ የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አፉ ይበላት» አለ። ሌላ ምንም የለም። አገዳው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ወደኛ አይደለም፣ ወደ ውስጥ።

«ከከሚሴ ስመለስ ቀሚስ አመጣላችኋለሁ! ለሁላችሁም!» አለች አማቷ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኔው ነኝ አትውጡ ያልሁ» አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም። «ጅርቲ?»

አሁን በራስጌ ያለሁት እኔ ነኝ። አንገቴን አጣምሜ አየሁ። የእህቴ ከንፈር ነጭ ሆኗል፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

«ጅርቲ» አልሁ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች እህቴ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

«ደረትሽስ?»

«ምንም አልሆነ።»

ፈገግ ልትል ሞከረች። «የውሃ ተራሽ ደረሰ በይ።»

መልስ መስጠት አልቻልሁም፤ ለመልስ የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበረኝም። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ አንድ የቀልድ ቃል እንኳ መመለስ አቅቶኝ ራሴን ብቻ መነቅነቄ።

ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበት ሰመጥን። ጭቃው እግር ሲወጣ ይጠባል፤ ሲረግጡት ይውጣል። ቅያሪዎቹ ሴቶች ከፊት ያሉትን ሁለቱን ቀየሩ። ወደኔ መጥተው «በይ ውጪ» ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ጀግንነት አይደለም። ከወጣሁ ተመልሼ መግባት እንደማልችል አውቄ ነበር፤ የተቀየሩት ደግሞ አፋቸውን ከፍተው የሚደገፉበት ነገር ይፈልጉ ነበር። የሆነ ቦታ ላይ አልቅት ጭኔ ላይ ተጣበቀ። ተውሁት፤ ደሜን ይጠጣ።

ቦርከና በዚያ ወር ለሌላው ሰው ጭን ድረስ ነው፤ ለኔ ከወገቤ በላይ ሆነ። እህቴን ውሃ እንዳይነካት እንጨቱን ከትከሻችን ወደ መዳፋችን አንስተን ከራሳችን በላይ መያዝ ነበረብን። ያን ጊዜ ትንፋሼ ሙሉ በሙሉ ቆመ፤ ወደ ውስጥም አይገባም፣ ወደ ውጭም አይወጣም። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ወረደ። ከፊት «ጅርቲ?» ሲባል ሰማሁ። መልሱ ከኔ ነው የሚጠበቀው። ካልመለስሁ ሞታለች ብለው ይቆማሉ፤ ወንዝ መሐል ከቆሙ ደግሞ እጃቸው ይዝላል። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «ጅርቲ» ብዬ ጮኽሁ፤ ከጩኸቱ ጋር ደረቴ ተከፈተ።

ከውሃው ስንወጣ ከቃሬዛው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ መስሎኝ ነበር። ውሃው አልነካትም ነበር።

ኬላው ላይ ሁለት ታጣቂዎች አሉ። ወጣቱ ጠመንጃውን አነጣጥሮ፣ «አውርዱ!» አለ።

«አይወርድም» አለች አማቷ።

«እናንተ ሴቶች ናችሁ፤ ወንዶቻችሁ የት ሄደው? ማንን ነው የደበቃችሁት? አውርዱና ግለጡ!»

«ጌትዬ፣ አራስ ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ሳናወርዳት መጥተህ እይ።»

መጣ። ጋቢውን በጠመንጃው አፈሙዝ ገለጠው። ወዲያው ለቀቀው፤ ፊቱን አዞረ። ልጅ ነበር፤ የከንፈር ጠጉሩ ገና መብቀሉ ነው።

ሁለተኛው፣ ሽበት የጣለው፣ የአገሩ ልጅ ነበር። ጠመንጃውን አነገተና ወደኔ መጣ። ትከሻዬ ላይ ነጠላው ደም ለብሷል። «ስጪኝ፣ እህቴ» አለ፤ «ወግ ነው።» ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ሰጠ።

አማቷ መሐላችን ገባች። «አንተ ተወው» አለችው፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «ያንተ ትከሻ ባለፈው ቃሬዛ ደክሞታል። አረፍ በል።»

ሰውዬው ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አወጣ። ወደ ኋላ ሄዶ የኬላውን ገመድ አነሳልን።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቃሬዛውን አስረክበን ስናበቃ ክንዴ አልወርድ አለ፤ እንጨቱ የሌለበትን ትከሻዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። ነርሷ ደህና ሰው ነበረች፤ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። እንግዴ ልጁን አወጣችው። «ደም ያስፈልጋታል፤ ደም ያለው ደሴ ነው» አለች። የጤና ጣቢያው መኪና ለሌላ ሥራ ወጥቷል። አንዲት ጎረቤታችን መንገድ ዳር ቆማ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ በነጠላዋ ስትለምን ዋለች። የወታደር ዕቃ የጫኑት አይቆሙም፤ የቆመ አንድ ሾፌር ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሆነ።

እኔን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡኝ። እህቴ እጄን ይዛለች። እጇ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ፤ እንደሚቀዘቅዝ አውቄ እጄን ሳልወስድ ዝም ብዬ ያዝሁት። ከሰዓት በኋላ፣ የአሱር አዛን ሲል አማቷ ጨቅላዋን አዝላ፣ ከደጅ ሆና፣ ወደ ውስጥ ሳታይ፣ «ጅርቲ?» አለች።

መንገዱን ሙሉ የመለስሁት እኔ ነኝ። አሁን አልመለስሁም። ዝም ማለቴን ሰማችው።

ከሚሴ ላይ ገንዘው እንዲቀብሯት የሰፈሩ ሰዎች ለመኑን። አማቷ፣ «ልጄ ሲመለስ የት ላሳየው?» አለች፤ ሌላ ክርክር አልነበረም። ሁለት የከተማ ሽማግሌዎች እስከ ኬላው ረዱን። ከዚያ ወዲያ እንደገና እኛ ገባን። ትከሻዬ ላይ የተዘጋው ቁስል በመጀመሪያው እርምጃ ተከፈተ። ሽበታሙ ታጣቂ ገመዱን አነሳ። ቦርከናን ስንሻገር ማንም ምንም አልጠየቀም፤ እግራችንን ብቻ እንሰማለን። ሬሳ ይከብዳል ይላሉ። ለኔ አልከበደኝም፤ ወይ ክብደት ማወቅ ትቼ ነበር።

ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ከማሽላው ዳር ደረስን። አማቷ ያኔ ሙሾ አነሳች። ቀኑን ሙሉ ይዛው ነበር፤ ለልጇም ያላለቀሰችው አብሮ ወጣ። እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀበሏት።

ማሽላው ተነቃነቀ። በመጀመሪያ አንድ ወጣ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ከየአቅጣጫው። ጢማቸው አድጓል፤ ልብሳቸው የአገዳ ቅጠል ለብሷል። ኬላው ከኋላችን በግልጽ ይታያል፤ እነሱም ከኬላው ይታያሉ። ማንም ወደዚያ አላየም። ለሕይወቷ ያልወጡት ለሞቷ ወጡ። ሙሾን ታጣቂ ሊያወጣው እንደማይችል አውቀው ነው፤ ወይም ሬሳ በሴት ትከሻ ሲያልፍ ማየት ከውትድርናው ባሰባቸው። ጠይቄያቸው አላውቅም።

አንድ በአንድ ከሴቶቹ ትከሻ ላይ እንጨቱን ተቀበሉ። ወደኔ የመጣው ቁመተ ረጅም፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው።

«ልቀቂ፣ እህቴ» አለ። «የሬሳ ወጉ የወንድ ነው።»

ድምፁን አወቅሁት። ጠዋት «አፉ ይበላት» ያለው ነው።

አልለቅሁም።

«በአላህ፣ ልቀቂ። ነውር ነው።» ዕንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ እንጨቱን በሁለት እጄ ያዝሁ። ጣቴን ሊያላቅቅ ሞከረና ተወው። ቃሬዛው ቆመ፤ ሁሉም ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ቢኖር ይገስጸኝ ነበር።

አማቷ መጣች። ሙሾዋን አቁማ ፊቴን አየችው። ከዚያ መቀነቷን ፈታች፤ ጨቅላዋን ከጀርባዋ አወረደች።

«እሱን ስጫቸው» አለችኝ። «ይቺን ያዢ። እኔ ደክሞኛል።»

ደከመኝ ስትል የሰማሁት ያን ለት ብቻ ነው። እጄን ከእንጨቱ ያላቀቅሁት ልጅቷን ለመቀበል ነው። አማቷ ራሷ ከኋላዬ ዞራ አዘለችልኝ፤ መቀነቱን ደረቴ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው፤ ደረቴን ማንም እንዲያ አጥብቆ አያውቅም ነበር። ቁስሉ ያለበትን ትከሻ ሳትነካ አለፈችው።

ወንዶቹ ሮጥ ሮጥ እያሉ ቀደሙን፤ ዳገቱን ስንጀምር ሩቅ ሆነዋል። ሴት ከመቃብር አትደርስም፤ ቀስ ብለን ወጣን። ትንፋሼ ያፏጫል። በጀርባዬ ያለችው ዝም ብላለች፤ ከማሽላው ጀምሮ አላለቀሰችም፣ አልተንቀሳቀሰችም።

አማቷ ከፊቴ ነበረች። ዳገቱ መሐል ላይ፣ ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀች።

«ጅርቲ?»

ቆምሁ። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ከመቀነቱ ሥር አገባሁና የልጅቷን ጎን ዳሰስሁ። ትንሽ ቆይቶ መዳፌ ሥር ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ።

«ጅርቲ» አልኋት።